ሙሽሮቹ ያጠፉት

«እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ፤ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ከዚያ ያ የተረገመ ሙዚቃ ካቆመበት ቀጠለ።

ነኢማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ አስቀምጣዋለች። ያለችው ዳንግላ ገበያ ዳር፣ ከአባቷ ከሀቢብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ከፊት አባቷ ከገዢ ጋር ሲከራከር ይሰማታል፤ ከውጭ ደግሞ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ። ሙዚቃው ግን ሁሉንም ይበልጣል። አቤት ሙዚቃ! ፉጨት ይሁን ክራር ያልለየለት፣ አለቀ ሲሉት ከመጀመሪያው የሚነሳ፣ ሰው ለማሳበድ ታስቦ የተሠራ ነገር። የሒሳብ አስተማሪው ሲያስረዱ ሳይቀር ጆሮዋ ላይ ይመጣባት ጀምሯል።

ፊቷ የተቀመጠው ላፕቶፕ ሲከፈት የሠራውን ኩባንያ አርማ ያሳይና ወዲያው ሰማያዊ ሆኖ ይደርቃል። አጥፍታ አብርታዋለች። ቻርጀሩን ነቅላ ሰክታለች። ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቃ እንደገና ሞክራለች። ወይ ፍንክች! የራሷ ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባልተጨነቀች። የአክስቷ የአሲያ ነው፤ ውስጡ ያለው ደግሞ የአሲያም አይደለም።

አሲያ የሀቢብ ታናሽ እህት ናት፤ እዚያው እነሱ ቤት ትኖራለች። ሥራዋ ሰርግ በካሜራ ማንሳት ነው፤ ግን የሴቶቹን ብቻ። በሂና ቀን ሙሽራዋ ቤት በሩ ይዘጋል። ሴቶች ብቻቸውን ሆነው ሒጃባቸውን ያወልቃሉ፣ ፀጉራቸውን ይለቃሉ፣ ድቤ እየመቱ ይጨፍራሉ። ድሮ ያ ቀን ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ ወንድ ነዋ። አሲያ ካሜራ ገዝታ እስክትጀምር ድረስ ለሠፈሩ ሙሽሮች ከሂናቸው የሚተርፋቸው እጃቸው ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይለቃል።

አሲያ ታዲያ የራሷ ወግ አላት። ገና ስትገባ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ዘንቢል ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ሙሽራዋ ፊት ትቆምና ሁሉም እየሰማ «ወላሂ፣ ይሄን ፎቶ የወንድ ዓይን አያየውም» ትላለች። ፎቶው ስልክ ውስጥ አይገባም፣ ቴሌግራም አያውቀውም። ከካሜራው ወደዚህ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ወደ ራሷ ማተሚያ፣ በቃ። አልበሙ ሲያልቅ ሙሽራዋ ራሷ ትመጣና ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ፎቶዎቿን በገዛ ጣቷ ታጠፋለች።

የቱን መጫን እንዳለባት የምታሳያት ነኢማ ናት። ገና አሥረኛ ክፍል ብትሆንም የኮምፒውተሩ ነገር ለእሷ የተተወ ነው፤ ቪዲዮውን የምትቆርጠው፣ ቀለሙን የምታስተካክለው እሷ ነች። ሙሽራዋ ትጫንና «ጠፋ?» ብላ ትጠይቃለች። ነኢማ «ጠፋ» ትላለች። አንዳንዷ እፎይ ብላ ትስቃለች፤ አንዳንዷን ደግሞ ትንሽ ይከፋታል። ነኢማ ያችን ሰዓት ትወዳታለች። ትልልቅ ሴቶች እሷን አምነው ዓይን ዓይኗን ሲያዩ ደስ ይላታል።

ላፕቶፑ ሲበላሽ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ፎቶ ውስጡ ነበር፤ አልበሙ ገና አልታተመም። ልጅቷ በየቀኑ ሰው ትልካለች። አሲያ መደበቅ ጀምራለች።

የኩባንያው የድጋፍ መስመር ላይ ሰው ሲያነሳ ደግሞ ከሙዚቃው ይብሳል። በደወለች ቁጥር ሌላ ሰው ነው፤ ሌላው ሰው ስለ ቀድሞው ምንም አያውቅም። ላፕቶፑን ገልብጪና ከሥሩ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ ይላሉ። ቁጥሩ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። ዓይኗን አጥብባ አንብባ ስትጨርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል። አንዱ አጥፍተሽ አብሪው አላት። ሌላዋም አጥፍተሽ አብሪው አለቻት። አንደኛው ክፍለ ከተማሽን ንገሪኝ ብሎ ድርቅ አለ፤ ዳንግላ ነኝ ብትለው፣ ዳንግላ የሚባል ክፍለ ከተማ ሲስተሙ ላይ የለም አላት። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ደግሞ አንዷ ችግሩን በቪዲዮ ቅረጪና ላኪልኝ አለቻት። ላከች። በማግስቱ «ደንበኛዋ ምላሽ ባለመስጠታቸው ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሳት። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስለጮኸች አባቷ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ ገባ።

ዳንግላ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠፍቶ አልነበረም። መስጊዱ አጠገብ አንድ አለ፤ ጎበዝ ነው ይባላል። አሲያ ግን አሻፈረኝ አለች። ጠጋኙ የሙሽሮቹን ወንድሞች ያውቃል፣ ከባሎቻቸው ጋር ሻይ ይጠጣል። ነኢማ ያኔ ነው ወደ ኩባንያው እንላከው ያለችው። አዲስ አበባ ያለ ሰው የዳንግላን ሙሽራ ከየት ያውቃታል? ስሟን አያውቅ፣ አባቷን አያውቅ። አክስትየዋ ብዙ አሰበችበትና ተስማማች፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች።

«ውስጡን ሳይገቡ የሚሠሩት ከሆነ ይሁን» አለች። «ፓስወርዱን ከጠየቁሽ ግን ይቅር። ይቅር ብለሽ ስልኩን ዝጊው፣ ሰማሽ?»

ነኢማ ሰምታለች። ይሄን ሁሉ እያሰበች ሳለ ሙዚቃው ቀጥ አለ።

«አበረ እባላለሁ፤ ምን ልርዳሽ?» አለ የወጣት ወንድ ድምፅ።

አበረ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ቁጥሩን አንብቢልኝ አላላትም፤ ፊቴ አለ አላት። እስክትጨርስ አዳመጣት። እሱ ቴክኒሻን እንደሆነ፣ ሥራ ሲበዛ ስልክም እነሱው እንደሚያነሱ ነገራት። ከየት እንደምትደውል ስትነግረው ደግሞ ሳቀ። ዳንግላን ያውቃታል፤ እናቱ የዚያ አገር ሰው ናቸው። ነኢማ ደስታዋን አልቻለችውም። ከዚያ ሁሉ ደረቅ ድምፅ በኋላ የአገሯን ሰው ማግኘት! እውነቱን ለመናገር ዕንባዋ ሁሉ መጥቶ ነበር።

ላፕቶፑን እንጅባራ ላለው ዕቃ ተቀባያቸው አስረክቢ፣ ከዚያ ወደኛ ይመጣል፣ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ አላት። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ፓስወርዱን ጠየቃት።

ነኢማ ያለ እሱ አይሠራም ወይ ብላ ጠየቀች። አንቀበልም፣ ሠርተን መፈተሽ አለብን፣ የኩባንያው ደንብ ነው አለ። አሁን ስልኩን ብትዘጋ ነገ እንደገና ያ ሙዚቃ ነው። እንደገና አጥፍተሽ አብሪው፣ እንደገና ክፍለ ከተማ። አበረን ደግሞ ዳግመኛ ላታገኘው ትችላለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፓስወርዱን ነገረችው።

«ጎበዝ። አሁን የመጨረሻ ጥያቄ፤ ጥሪው ስለሚቀዳ አዎ ወይም አይ በይኝ» አለ። «ዳታሽ እንዲተርፍ ትፈልጊያለሽ?»

ነኢማ የወፍጮ ቤቱን ልጅ አልበም አሰበች።

«አዎ» አለች።

ማታ አሲያ ጠየቀቻት። ነኢማ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ መለሰች፤ የሚቀየር ዕቃ ነው የሚቀይሩት፣ ውስጡን አይነኩትም። ፓስወርድስ አልጠየቁሽም? አልጠየቁኝም። መዋሸት እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። አሲያ አንገቷን ስማ ተነሳች።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄደች። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች በአዊኛ ያወራሉ፤ ነኢማ ግማሹ ይገባታል፤ አንደኛዋ ስለታመመች ላሟ ነበር የምትናገረው። አዲስ ቅዳምን ካለፉ በኋላ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ። ነኢማ ላፕቶፑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ዕቃ ተቀባይዋ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ ሱቅ ነበረች። ውስጥ አንዲት ልጅ ጋቢ ለብሳ ስልኳን ትነካካለች። ላፕቶፑን ተቀብላ ሳታየው ነጭ ፕላስተር ቀደደች፣ ፓስወርዱን ጠየቀች፣ በትልልቁ ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው። ከጀርባዋ ያለው መደርደሪያ ላይ ሌሎች ላፕቶፖች ተቆልለዋል። ሁሉም ክዳናቸው ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። የሰው ሁሉ ፓስወርድ፣ የሰው ሁሉ የቤት በር ቁልፍ፣ ለገባ ለወጣው ተለጥፎ ይነበባል።

«ይሄ... ሰው ያየዋል እኮ» አለች ነኢማ።

«ማን ሊሰርቀው ነው አቦ፣ ጫኚው እኮ የታወቀ ነው» አለች ልጅቷ፣ ስለ ላፕቶፑ መስሏት።

ነኢማ ትንሽ ቆመች። እጇን ዘርግታ መልሺልኝ ማለት ትችል ነበር፤ ላፕቶፑ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ግን መልሳ ምን ልትል ነው? አክስቷ ለምን አመጣሽው ብትላት፣ ፓስወርድ ጠይቀውኝ ልትል? ይሄን ሁሉ ቀን ሙዚቃ ሰምታ? ልጅቷ ላፕቶፑን አንስታ ቁልሉ ላይ ጣለችው። ነኢማ ወጣች። ውጭ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ የባጃጆቹ ጥሩምባ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሳምንት ተከተለው። ስትደውል ያው ሙዚቃ፣ ያው ሴትዮ። አንዱ ዕቃው አልደረሰንም አላት። ሌላዋ ደርሶ ተልኳል አለቻት። ሦስተኛው ሲስተሙ ላይ አይታይም አለ። ጨንቋት አበረን አገናኙኝ አለች፤ ቴክኒሻኑን፣ አበረን።

«አበረ የሚባል ሠራተኛ የለንም» አለች የመስመሩ ሴት።

ነኢማ ምናልባት ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት በሌላ ስም ነው የምታውቁት ብላ ለመነች። ሴትዮዋ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነኢማ ምግብ አልረጋላት አለ። እናቷ ፈተናው ነው ብላ ተወቻት። አሲያ ግን ምንም አልጠረጠረችም፤ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው እያለች እንዲያውም እሷው ታጽናናት ነበር። ይሄ ነበር የባሰው።

ላፕቶፑ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው፤ አንድ የሚኒባስ ረዳት በካርቶን አድርጎ ሱቁ ድረስ አመጣው። ነኢማ ለኩባንያው ዕቃው ደረሰኝ ብላ መልእክት ላከች። ሲከፈት ቦግ ብሎ በራ። ሰማያዊው የለም፣ ፍጥነቱም ከድሮው ይሻላል። አሲያ እልል ማለት ቀራት። ነኢማን አቅፋ «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች። ከዚያ ዜናውን ለወፍጮ ቤቱ ልጅ ልትነግር ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች። በማግስቱ የጎረቤታቸው የራሂማ ሂና ነው፤ ለእሱም ደረሰልን እያለች ነበር የሄደችው።

ነኢማ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። እሷም መሳቅ ጀምራ ነበር። የወፍጮ ቤቱን ልጅ ፎቶዎች ፈለገች፤ አሉ። ከእነሱ ጎን ግን የማታውቀው ፎልደር ተቀምጧል። ስሙ በአማርኛ ተጽፏል። «የጠፉት» ይላል።

ከፈተችው።

መጀመሪያ አልገባትም። አንዲት ሙሽራ አየች፤ ፀጉሯን ለቃ፣ ሂናዋን ወደ ካሜራው ዘርግታ ትስቃለች። ነኢማ ታውቃታለች። አምና ነው የተዳረችው፤ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ በገዛ ጣቷ አጥፍታዋለች። ወደ ታች ወረደች። ሌላ ሙሽራ። ሌላ። ዓይናፋሯ የባለሱቁ የኪያሩ ልጅ፣ ደጋግማ «ጠፋ?» ያለችው። ሲወርዱ አያልቅም። አሲያ ካሜራ ከያዘችበት ጊዜ ጀምሮ ያነሳቻቸው ሴቶች በሙሉ፣ እናቶቻቸው፣ እህቶቻቸው፣ ሚዜዎቻቸው፣ ሒጃብ የሌላቸው፣ ሲጨፍሩ፣ ሲላፉ፣ ሲያለቅሱ፣ አንድም ሳይጎድል ተመልሰዋል። ለእያንዳንዳቸው «ጠፋ» ያለቻቸው እሷ ናት።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ደረሰሽ አይደል?» አለ ያ ለስላሳ ድምፅ።

አበረ ነበር። የራሱ ስልክ እንደሆነ፣ ቁጥሩን እንድትይዘው ነገራት። ከዚያ ሙያውን ሲተርክላት ቆየ። የተበላሸውን መጠገን ማንም ይችላል፤ እሱ ግን ዳታሽ ይትረፍ ስላለችው የተሰረዘውን ሳይቀር ቆፍሮ አወጣላት። ማንም እንዲህ አይሠራም። ያውም በነፃ። ለማንኛውም ብሎ ኮፒውንም እሱ ጋ አስቀምጦታል።

«አጥፋው» አለች ነኢማ። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እባክህ ኮፒውን አጥፋው።»

«ለምን? ቆንጆ ቆንጆ ሰርግ ነው እኮ» አለ። የሚያጫውተው ነገር ከስልኩ ውስጥ በስሱ ተሰማት፤ ድቤና የሴቶች ሳቅ። «አረንጓዴ ቀሚስ የለበስሽው አንቺ ነሽ አይደል? በድምፅሽ ነው የለየሁሽ። ለበዓል እናቴን ይዤ ዳንግላ ብቅ እላለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። ጓዳው ውስጥ ማንም ሳይኖር ሒጃቧን ወደ ፊት ስባ አንገቷ ሥር አጠበቀችው። አስጠላት፤ የራሷ ሳቅ ሳይቀር አስጠላት።

ወዲያው ወደ ድጋፍ መስመሩ ደወለች። ለቅሬታ የሚጫነውን ተጫነች። ሙዚቃው መጣ። እያለቀሰች ጠበቀች፤ አባቷ እንዳይሰማ አፏን በአቡጀዲ ጫፍ ይዛ። በመጨረሻ ያነሳው ሰው የሆነውን ሁሉ ሰማና ቁልፍ ሲነካካ ቆየ። ከዚያ ጥገናው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን፣ ደንበኛዋ ዳታው እንዲተርፍ በቃላቸው መፍቀዳቸውን፣ ድምፃቸውም ተቀድቶ መኖሩን አነበበላት። አበረ የሚባል ሠራተኛ እንደማያውቅም ጨመረ። ኮፒ የሚባል ነገር በደንባቸው የለም፤ ስለዚህ ሊኖር አይችልም። ከመዝጋቱ በፊት አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ነጥብ ይስጡልን አላት።

ነኢማ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። ፎልደሩን መርጣ ማጥፊያው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ብትጫነው ማን ያውቃል? አሲያ አታይም፣ ሙሽሮቹም ያው ጠፍቷል ብለው እንዳመኑ ይኖራሉ። ነገ የራሂማ ሂና ይነሳል፣ ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል። ያ ሰው ለበዓል እስኪመጣ። ወይ ደግሞ አንድ ቀን የአንዷ ወንድም ቴሌግራም ላይ የእህቱን ፀጉር እስኪያይ። ጣቷን አነሳች። አላጠፋችውም፤ ለማንምም አልነገረችም። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው እሷ ናት የምታውቀው።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ የራሂማ ቤት ሞላ። ራሂማ ድሮም ፎቶ የሚባል አልፈልግም ያለች ልጅ ናት። አሲያ ናት ብዙ ለምና፣ እኔን አታምኚኝም ወይ ብላ ያሳመነቻት። አሁን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሂና የምትቀባው ሴትዮ እግሯን ይዛለች። በሩ ተዘጋ። ሒጃቦች መውለቅ ጀመሩ።

አሲያ ዘንቢሉን ለነኢማ ሰጠቻት። ነኢማ እየዞረች ስልክ ስትቀበል ነው ድንገት ያየችው። እጃቸውን ወደ ዘንቢሉ የሚሰዱት ሴቶች ሁሉ የዚያ ፎልደር ፊቶች ናቸው። አምና የተዳረችው አለች፣ አሁን ልጅ ታቅፋለች። የኪያሩ ልጅ አለች። አንዷ ፀጉሯን እየፈታች የነኢማን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ አድገሻል እኮ አንቺ አለቻት። ነኢማ ዘንቢሉን ይዛ ወደሚቀጥለችው ዞረች።

አሲያ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ራሂማ ፊት ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁሉም የሚቀጥለውን ያውቁታልና ጸጥ አሉ።

«ወላሂ...» ብላ ጀመረች።

«አክስቴ፣ ዛሬ አትማይ» አለች ነኢማ።

ሴቶቹ ዞር አሉ። አሲያ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ከአፏ አልወጣም። ራሂማን አንድ ጊዜ ብላ ነኢማን በክንዷ ይዛ በጓሮ በር አወጣቻት።

ነኢማ የውኃ ጀሪካኖቹ መሀል ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ፓስወርዱን፣ ፕላስተሩን፣ አዎ ያለችውን፣ ፎልደሩን፣ ድምፁን፣ አረንጓዴውን ቀሚስ። ስትጀምር እያለቀሰች ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ዕንባው ራሱ አልቆ ድምፅዋ ደረቀ። አሲያ አላቋረጠቻትም። አንድ ጀሪካን ገልብጣ ቀስ ብላ ተቀመጠችበት።

«ፓስወርድ ጠይቀውሽ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ጠይቀውኝ ነበር።»

«እኔ ስጠይቅሽ ደግሞ...»

«ዋሸሁሽ።»

አሲያ ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። ዚፑን ለመዝጋት ብዙ ታገለች። ትጮህብኛለች ብላ ነኢማ ጠበቀች። ብትጮህ ይሻላት ነበር። አሲያ ግን የጠየቀችው ሰውየው የደወለበት ቁጥር ስልኳ ላይ እንዳለ ነው። ነኢማ አለ አለቻት። አሲያ እንዳታጠፊው አለች። ነገ ጠዋት አንድ ላይ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ አባትሽም ይመጣል፣ ያ ኩባንያ የቀዳውን ድምፅ ሁሉ ያምጣ አለች። ይሄን ስትል ድምፅዋ ጠንከር ብሎ ነበር፤ ከዚያ ከቤት ውስጥ ድቤው ሲጀምር ተሰበረ።

«ለነዚህስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች። «ሁሉም እኮ እዚህ ናቸው፣ ነኢማ። እኔ የማልኩላቸው ሁሉ። በምን ፊቴ ነው የምገባው?»

ሁለቱም በሩን አዩት። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ አንዷ አሲያ የት ሄደች፣ ሂናው ሊደርቅ ነው እያለች ትጣራለች። የግቢው በር ክፍት ነው። ነኢማ በዚያ ወጥታ ወደ ቤቷ ብትሄድ ማንም አይከለክላትም፤ አሲያ ትልቅ ሰው ናት፣ ከማለችበትም ጋር የምትጋፈጠው እሷው ትሆን ነበር። ነኢማ ይሄንንም አሰበችው፤ አላሰበችውም ብዬ አልዋሽም።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። «አንቺ አጠገቤ ቁሚ ብቻ።»

ቀድማ ገባች። ድቤውን የምትመታው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነበረች፤ ነኢማን ስታይ ፈገግ ብላ አልበሜ ደረሰ ወይ አለቻት። ነኢማ ዘንቢሉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ አሲያ ከኋላዋ በሩን እስክትዘጋ ጠበቀች።

«ድቤውን ትንሽ አቁሚልኝ» አለች። «የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ስለ ሁላችሁም ነው።»